አመዳይን ከደመና መለየት

ቶንጎ ውስጥ «በረዶ» ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው የቆርቆሮ ጣሪያውን ነው። ከነጎድጓድ ጋር ድንገት ይወርዳል፤ ለጥቂት ደቂቃዎች ጣሪያውን ይደበድባል፤ ማንጎውን ያረግፋል፤ በቆሎውን ይሰባብራል፤ ሕፃናት ከደጅ ለቅመው ወደ አፋቸው ሳያደርሱት ይቀልጣል። ከዚያ በኋላ ወሬ ይሆናል። የማኦ ኮሞ ልዩ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ከአሶሳ በስተደቡብ፣ ወደ ሱዳን በሚያዘቀዝቀው ምድር ላይ ያለች ናት፤ በክረምት ዝናብ እንጂ በተራራ ራስ ላይ በተከማቸ ነጭ ነገር የምትኖር አይደለችም። እንግዲህ እዚህ ተቀምጦ ሳተላይቶች አመዳይንና ግግር በረዶን እንዴት እንደሚከታተሉ መጻፍ፣ ደገኛ ስለ ባሕር ማዕበል ሲያወራ እንደሚሰማው ዓይነት ድፍረት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ጉዳዩ ከምንገምተው በላይ ቅርባችን ነው ባይ ነኝ።

ቅርበቱ ከቃሉ ይጀምራል። አማርኛችን «በረዶ» በሚል አንድ ቃል ስንቱን ነገር እንደሚጠራ ልብ ይሏል። ከነጎድጓድ ጋር እንደ ጠጠር የሚወርደው በረዶ ነው። በሰሜን ተራሮች ላይ ሌሊቱን እንደ ባዘቶ ሲወርድ አድሮ ጧት የሚታየውም በረዶ ነው። ከማቀዝቀዣ የሚወጣውም በረዶ ነው። አንታርክቲካ ላይ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ውፍረት ይዞ የተኛውም ያው በረዶ ነው። «አመዳይ» የሚል ጥሩ ቃል አለን፤ ነገር ግን አንዱ ውርጭ ማለት ነው ይላል፣ ሌላው እንደ ጥጥ የሚወርደው ነው ይላል፤ ተጠቃሚ ስላጣ ትርጉሙ ላልቷል። ግእዝ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። በረድ አለው፣ ሐመዳ አለው፣ አስሐትያ አለው፤ በሠለስቱ ደቂቅ ጸሎት ያደገ ሰው እነዚህን ቃላት አንድም ቀን ሳያያቸው በጆሮው ያውቃቸዋል። ለዘመናት እየተከማቸ፣ በራሱ ክብደት እየታመቀ፣ እንደ ዘገምተኛ ወንዝ ቁልቁል ለሚጓዘው ደግሞ «ግግር በረዶ» የሚለውን ጥምር ቃል እየለመድን ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ በረዶን ለጠጠሩ፣ አመዳይን ለባዘቶው፣ ግግር በረዶን ለዘገምተኛው ወንዝ ሰጥቻለሁ። ይህ የቃላት ቅንጦት አይምሰላችሁ። የሰው ልጅ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ወደ ሰማይ በላካቸው ዓይኖች ላይ ካፈሰሰው ድካም ቀላል የማይባለው የዋለው አንዱን ነጭ ነገር ከሌላው ነጭ ነገር ለመለየት ነው።

በጽሑፍ ከምናውቃቸው የኢትዮጵያ አመዳዮች ጥንታዊው የተጻፈው በግሪክኛ ነው። ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ የዘመቻዎቹን ታሪክ አዱሊስ ላይ በድንጋይ ዙፋን አስቀርጾ ነበር፤ ሠራዊቱ ወደ ሰሜን ተራሮች በወጣ ጊዜ ወታደሮቹ እስከ ጉልበታቸው በአመዳይ ይሰምጡ እንደነበር በዚያ ላይ ተጠቅሷል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ጽሑፉን ገለበጠው። ድንጋዩ ጠፋ፤ ቅጂው ቀረ። ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ሎቦ በተራሮቹ ላይ አመዳይ መኖሩን መሰከረ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው ጄምስ ብሩስ ግን አላየሁም ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፤ አላየም። ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው ብሩስ ከተራሮቹ ግርጌ አልፎ አልወጣም ነበር። አለማየትን የአለመኖር ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ እንግዲህ የቆየ ልማድ ነው።

በደቡብም ጎረቤቶቻችን ዘንድ እንዲሁ ሆነ። ሚስዮናዊው ሬብማን እ.ኤ.አ. በ1848 ኪሊማንጃሮን አይቶ ራሱ ነጭ ነው ቢል፣ ከምድር ወገብ አጠገብ አመዳይ ከወዴት ይመጣል ብለው ለንደን ላይ የተቀመጡ የጂኦግራፊ ሊቃውንት ሳይቀበሉት ቀሩ። በማግስቱ ዓመት የኬንያን ተራራ ነጭ ራስ ያየው ክራፕፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ወደዚያ ከመሄዱ በፊት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ተቀምጦ አማርኛ የተማረ ሰው ነው። ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ። ያየው ሰው ቃል ካላየው ሊቅ ግምት ጋር ተመዘነና ግምቱ ከበደ።

ሳተላይት ይህን ዓይነቱን ክርክር ዘጋ እንላለን፤ አዎን፣ ዘግቷል። ነገር ግን እንዴት እንደዘጋው ማወቅ ይገባል፤ ምክንያቱም ሰማይ ላይ የወጣችው ዓይንም እንደ ብሩስ የማታየው ነበራት። ላንድሳት 1 እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1972 ስትመጥቅ ምድርን በሚታየው ብርሃንና ለእርሱ ቅርብ በሆነው ኢንፍራሬድ ታነሣ ነበር። በዚያ ብርሃን አመዳይ ብሩህ ነው፤ ደመናም ብሩህ ነው። ተራራ ደግሞ ደመና የሚወድ ፍጥረት ነው። የነጩ ነገር ግማሹ መሬት ላይ የተኛ፣ ግማሹ አየር ላይ የተንሳፈፈ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ለሚያይ ሁለቱ አንድ ናቸው። መፍትሔው የመጣው ሰው በዓይኑ ከማያየው ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በላንድሳት 4 ላይ የተጫነው መሣሪያ አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ የሚባለውንም ክፍል መመዝገብ ቻለ። በዚህ ብርሃን ሲታይ አመዳይ ይጠቁራል፤ የክሪስታሉ ቅንጣት ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። ከደቃቅ የውሃ ጠብታ የተሠራው ደመና ግን በዚህም ብርሃን እንደ በራ ይቀራል። ስለዚህ የአረንጓዴውን ብርሃን ንጣት ይወስዱና የማይታየውን ይቀንሱለታል፤ ልዩነቱን ለድምራቸው ያካፍሉታል፤ ውጤቱ ወደ አንድ ከቀረበ አመዳይ፣ ወደ ዜሮ ከወረደ ሌላ ነገር ነው ይላሉ። ድንበሩ በተለምዶ 0.4 ነው።

ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ፤ ነገሬ ሁሉ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነውና። 0.4 ከሰማይ የወረደ አይደለም። አመዳይ ያለበትን ቦታ የሚያውቁ ሰዎች የመስክ ልኬትንና ሌሎች ምስሎችን ከሳተላይቷ ምስል ጋር እያመሳከሩ፣ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም፣ ይህ የዛፍ ጥላ ነው፣ ያ የቆሸሸ በረዶ ነው እያሉ የተስማሙበት ነው። ከዚያ ወዲያ ነው መሣሪያው በራሱ መቁጠር የጀመረው። ሰማይ ላይ ያለችው ዓይን ማየት የተማረችው ምድር ላይ ከቆመ ሰው ነው።

ሌሎቹም መሣሪያዎች ከዚህ ሕግ አይወጡም። ራዳር የራሱን ሞገድ ይልካልና ጨለማም ደመናም አያግደውም። ሌዘር የጫኑት የበረዶውን ራስ ከፍታ ይለካሉ። ከሁሉም የሚገርሙኝ ግን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2002 የመጠቁት ግሬስ የተባሉ መንትዮች ናቸው። ፎቶ አያነሡም። 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው አንዷ ሌላዋን ትከተላለች፤ የፊተኛዋ ብዙ ክብደት ወዳለበት ምድር ስትቃረብ የስበቱ ኃይል ትንሽ ያፈጥናታል፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት በኢምንት ይሰፋል፤ ያችን ኢምንት ይመዘግባሉ። ከርቀቱ ለውጥ ተነሥቶ ግሪንላንድ ስንት ቢሊዮን ቶን በረዶ እንዳጣች ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራቸውን ጨርሰው በማግስቱ ዓመት በግንቦት ተተኪዎቻቸው መጠቁ። የዓለምን ውሃ በሚዛን ላይ ማስቀመጥ ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተገኘው ውጤት አስደሳች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ቴራ ከተባለችው ሳተላይት ምስሎች ተነሥቶ 217,175 ግግር በረዶዎችን አንድ በአንድ መረመረ፤ ከግሪንላንድና ከአንታርክቲካ ታላላቅ የበረዶ ሽፋኖች ውጪ ያሉትን ማለት ነው። ከ2000 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት በአማካይ በዓመት 267 ቢሊዮን ቶን አጥተዋል። ቁጥሩ ለጆሮ ከብዶ እንዳያመልጠን ወደ ቤታችን እናምጣው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በእኛው ክልል፣ ጉባ ላይ የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሲሞላ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ከሦስት ተኩል የሚበልጡ ሙሉ ግድቦች፣ በየዓመቱ፣ ከተራሮች ራስ ወርደው ወደ ባሕር ገቡ ማለት ነው።

«የእኛ ተራሮች ግን ግግር በረዶ የላቸውም» የሚል ይኖራል። አሁን የላቸውም። ባሌ ውስጥ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ በሚገኝበት የሳነቴ አምባ፣ ግግር በረዶ ተኝቶ ነበር፤ እየተጓዘ ድንጋይ ገፍቶ የከመረበት ቦታ ዛሬም ይታያል። ተመራማሪዎች ከእነዚያ ቋጥኞች ላይ በመዶሻ ስባሪ ወስደው ክሎሪን 36 የሚባለውን የአቶም ዓይነት ለኩ። ይህ ነገር ድንጋይ ፀሐይና ሰማይ ካየበት ቀን ጀምሮ በውስጡ የሚጠራቀም ስለሆነ፣ በረዶው መቼ ለቆት እንደሄደ ይናገራል። መልሱም የአካባቢው በረዶ እጅግ የሰፋው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ዘመን ነው የሚል ሆነ። ሳተላይት የድንጋዩን ክምር ከላይ ልታሳይ ትችላለች፤ ዕድሜውን ለማወቅ ግን በእግር ወጥቶ መዶሻ ማንሣት ግድ ነው።

ያ በረዶ ተመልካች ነበረው። ፊንጫ ሐበራ በተባለው የባሌ ዋሻ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሆኗል። ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆናቸውን የባልጩት ድንጋይ በበረዶው አቅራቢያ ካለ ከፍታ ያመጡ ነበር፤ ውሃቸውም ከሚቀልጠው በረዶ የሚወርድ ነበር። እነዚያ ሰዎች ለግግር በረዶ ቃል ነበራቸው። ምን ብለው እንደጠሩት እንጃ፤ ሳይጠሩት ግን አልኖሩም። እነርሱም ቃሉም በረዶውም ሄዱ። እኛ ዛሬ «ግግር» ብለን ከሌላ ግስ ተበድረን የምንጠራውን ነገር በዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው በራሱ አፍ በስሙ ጠርቶታል።

የኪሊማንጃሮ ዕጣ ከዚህ ይለያል፤ በስንት ምስክር ፊት እየሄደ ነው። ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1936 በረዶዎቹን የታሪኩ ርእስ ሲያደርጋቸው፣ ለዘለዓለም ይኖራሉ ብሎ ያሰበ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ1912 በካርታ ሲለካ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው በረዶ በ2011 ከምስል ሲለካ 1.76 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ምስሉ አይዋሽም። ለምን የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ግን ምስሉ ዝም ይላል። አንዳንዶች ሙቀት ነው አሉ። ሌሎች ተራራው ላይ የአየር መለኪያ ተክለው ከቆዩ በኋላ፣ በዚያ ከፍታ አየሩ ከዜሮ በታች ነው፣ ስለዚህ ዋናው ነገር ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የመጣው ድርቀት ነው፣ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ እንፋሎት እየተለወጠ ነው ብለው ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ጫፉ ላይ ወጥቶ በረዶውን የቆፈረው ሎኒ ቶምፕሰን ከ2015 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ፈጽሞ ሊጠፋ እንደሚችል ተንብዮ ነበር። አልጠፋም፤ ተቆራርጦ ቀጥኖ ዛሬም አለ። የዩኔስኮ ግምት አሁን እስከ 2050 ይላል።

ይህን የማነሣው በሊቁ ለመሳለቅ አይደለም። መቅለጡን የካዱ ሰዎች ያችን ያመለጠች ቀን ይዘው ብዙ ጮኸዋል፤ ከንቱ ጩኸት ነው፤ በረዶው ከመቀነስ አንድ ዓመት እንኳ አላረፈም ማለት ይቻላል። የምለው ሌላ ነው። ለ«ምን ሆነ» ምስል ይበቃል፤ ለ«ለምን» ግን ንፋስና ብርድ እየጠጣ መለኪያውን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱን የምናምታታ ከሆነ፣ ሰማይ ላይ ዓይን ስላለን ምድር ላይ ተመልካች አያስፈልገንም ወደሚል ስንፍና እንገባለን።

እኛ ወደዚያ ስንፍና እየተንሸራተትን ይመስለኛል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ከቻይና ስታመጥቅ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ደስ ብሎኛል። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ያች መሣሪያ በእንጦጦ ጣቢያ በኩል ምስል መላኳ ትንሽ ነገር አልነበረም። በዓመቱም ሁለተኛዋ፣ ከእርሷ እጅግ የምታንሰው ተከተለች። ደስታው ትክክል ነበር፤ ከደስታው ጋር የተሰማው «ከእንግዲህ አገራችንን በራሳችን ዓይን እናያለን» የሚለው ቃል ግን ይከነክነኛል። ምስል ማግኘት ዛሬ ብርቅ አይደለም። የላንድሳት መዝገብ ከ2008 ዓመተ ምሕረት ሳይሆን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም በነጻ ክፍት ነው፤ የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል ሳተላይቶችም እንዲሁ። ቶንጎ በየጥቂት ቀኑ ትነሣለች። የሚጎድለው ፎቶው አይደለም።

ምስሉን ያነሣው ማን እንደሆነ ግን ከቁም ነገር ሳይቆጠር አይቀርም፤ በእኛ ታሪክ ከላይ መታየት ሁልጊዜ ለበጎ አልነበረም። አገራችንን ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ከአየር ያነሡዋት የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ናቸው፤ ዓላማውም ግልጽ ነበር። ከ8 ሺህ በላይ የሆኑት የእነዚያ ዓመታት ምስሎች በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በካርታ ሥራዎች ድርጅት መጋዘን ተገኝተው፣ ዛሬ ተመራማሪዎች የ1930ዎቹን የደን ሽፋን ከአሁኑ ጋር ለማነጻጸር ይጠቀሙባቸዋል። የጠላት ዓይን የቀረጸው መዝገብ ለልጅ ልጆች ጠቀመ። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ጉባ ላይ ውሃ መጠራቀም መጀመሩን ዓለም ከይፋዊው መግለጫ ቀድሞ ያወቀው ከአውሮፓ የራዳር ሳተላይት ምስል ነው። ክረምት ነበር፤ ሰማዩ በደመና ተሸፍኗል፤ ራዳሩ ደመናውን አልፎ አየ። የራሳችን ወንዝ ሲተኛ ከሩቅ ሰው ሰማን። ባለሥልጣን ዝም ሲል የሚናገር መዝገብ መኖሩን እንደ በረከት እቆጥረዋለሁ፤ ይህን ሳልል ባልፍ ሚዛን ማጉደል ይሆንብኛል።

አሁን እንግዲህ ያች ዓይን ቶንጎ ላይ ስታርፍ ምን ታያለች? የሴንቲኔል ምስል አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። አንድ ጎጆ ከአንዲት ነጥብ ታንሳለች። ለግግር በረዶ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ግን ሣሩ፣ ጓሮው፣ ጎጆው፣ የደጁ ማንጎ ሁሉ ተፈጭቶ አንድ ቀለም የሚሆንበት ነው። ቀርከሃውን ውሰዱ። የቆላ ቀርከሃ ለብዙ ዓመታት አረንጓዴ ሆኖ ይኖርና፣ ዘመኑ ሲደርስ ጫካው በጅምላ አብቦ፣ ዘር ጥሎ፣ በጅምላ ይደርቃል። ከላይ ሲታይ አረንጓዴው ገለባ መሰለ፤ ይኸው ነው። ተጨፍጭፏል? ተቃጥሏል? ወይስ አብቦ ሞተ? አመዳይና ደመና አንድ ነጭ እንደነበሩ ሁሉ፣ እዚህ ሞትና ጥፋት አንድ ቢጫ ናቸው። ካርታ ሠሪው አዲስ አበባ ወይም ብራስልስ ተቀምጦ «የደን ጭፍጨፋ» ብሎ ቢያቀልመው፣ ጥፋተኛ ተብሎ የሚቆጠረው ቀርከሃውን አጥር፣ ጎጆና ቅርጫት አድርጎ የሚኖርበት ገበሬ ነው። በዚያ ቦታ አንድ አዛውንት ማኦ ወይም ኮሞ ቢጠየቁ ጉዳዩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል።

የስደተኞቹም መጠለያ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሱዳን የብሉ ናይል ጦርነት ለሸሹ ሰዎች ቶንጎ ላይ መጠለያ ተከፈተ፤ በጥር 2022 አካባቢው ላይ በተነሣ ግጭት በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ዳግመኛ ተሰደው ወጡ። ከሰማይ የተነሡት ምስሎች በመጀመሪያ ባዶ መሬት፣ ቀጥሎ ረድፍ ረድፍ ጣሪያ፣ ቀጥሎ ጭር ያለ ሰፈር ያሳያሉ። ሦስት ሥዕል፤ በመካከላቸው አንድም ቃል የለም።

ይህን ጉድለት ከሙያው ውስጥ ሆነው ያዩት ኢትዮጵያውያን አሉ፤ እነርሱን መስማት ይገባናል። የአየር ንብረት ተመራማሪው ቱፋ ዲንቁ የሳተላይት የዝናብ ግምት በአገራችን ተራራማ ምድር ላይ ምን ያህል እንደሚስት ሲመረምር ቆይቶ፣ ከሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤታችን ባለሙያዎች ጋር በመሆን የሳተላይቱን ግምት በየጣቢያው ሰው ካነበበው የዝናብ መለኪያ ጋር የሚያዋሕድ ሥራ ሠርቷል። ኤናክትስ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ሥራ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተዛምቷል። ብልሃቱ ቀላል ነው። ሳተላይቱ ሰው የሌለበትን ቦታ ይሞላል፤ ሰው የሳተላይቱን ስሕተት ያርማል። ችግሩ ጣቢያዎቻችን በከተማና በመንገድ ዳር የተሰበሰቡ መሆናቸው ነው። የጠረፍ ወረዳ በካርታ ላይ የሚኖረው በግምት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስተኛ ሳተላይት አይደለም፤ ከመጣ ይምጣ። የምጠይቀው በቶንጎና በመሰሎቿ ተመልካች እንዲቀመጥ ነው። በየገጠሩ ትምህርት ቤት ግቢ አንድ የዝናብ መለኪያ ቢተከል፣ የሚያነበው ሰው ደመወዙ በወቅቱ ቢደርሰው፣ መዝገቡ ከዓመት ዓመት ሳይቋረጥ ቢያዝ፣ ከአንድ ማምጠቂያ ሮኬት ጋር የማይነጻጸር ወጪ ነው። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነጻዎቹን ምስሎች አትመው ወደ ዳቡስ ረግረግ ዳር ቢወርዱና አዛውንቱን «ይህ ምንድን ነው? ማን ትሉታላችሁ? ድሮ እስከየት ይደርስ ነበር?» ብለው ቢጠይቁ፣ በምስሉ ጠርዝ ላይ በማኦኛ፣ በኮሞኛ፣ በበርታኛ ስሙን ቢጽፉበት፣ ከዚያ ወዲያ ምስሉ የእኛ ይሆናል። ጥቂት ተናጋሪ ያላቸው ቋንቋዎች የመሬት፣ የውሃና የነፋስ ስሞቻቸውን ይዘው ሲያልፉ ፊንጫ ሐበራ ላይ የሆነው ይደገማል፤ የሚለየው በዚህ ጊዜ የእያንዳንዱ ቀን ፎቶግራፍ መኖሩ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው ብለው እንዲያልፉት አልፈልግም። «አመዳይ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ መወሰን የሜትሮሎጂ ባለሙያ ብቻ ሥራ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት 2025ን የግግር በረዶ ጥበቃ ዓመት፣ በየዓመቱ መጋቢት 21ን ደግሞ የግግር በረዶ ቀን ሲል፣ በአማርኛ ዜናውን ያነበበ ሰው «በረዶ» የሚለውን ሰምቶ ቆርቆሮውን እያሰበ አልፎታል። ይህ የተርጓሚው ጥፋት አይደለም። ለማየት የሚሆን ቃል ያላዘጋጀነው እኛ፣ ቃል ነው ሥራችን የምንለው ነን።

በሰሜን ተራሮች ዛሬም አንዳንድ ሌሊት አመዳይ ይወርዳል። ግጭ በምትባለው መንደር ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች ያውቁት ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ለፓርኩ ጥበቃ ሲባል ወደ ደባርቅ ወርደዋል፤ ፓርኩም በማግስቱ ዓመት አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል፤ ዋልያው እፎይ ቢል ደስ ይለናል። የሌሊቱን አመዳይ ግን ማን ይመዘግበው? ሴንቲኔል በላያችን የምታልፈው ረፋዱ ላይ፣ ወደ 5 ሰዓት ሲቃረብ ነው። ሌሊት የወረደው ቀጭን አመዳይ ፀሐይ ከነካችው በኋላ ያን ያህል አይቆይም። በአገራችን የዝናብ መለኪያ የሚነበበው ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ተራራው ላይ የቆመ ሰው ቢኖር ነጩን ምድር አይቶ ይጽፈዋል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሳተላይቷ ስትደርስ ያው ተራራ እርጥብና ቡናማ ሆኖ ይጠብቃታል።